ፊሽካቸውን ኪሳቸው ለከተቱልኝ የሐዋሳው አሰልጣኝ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አደራ ስላሉኝ አልጠቅስም። ነገር ግን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ሰው ሰብስበው ስፖርት የሚያሠሩትን ጡረተኛ መምህር የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ያደግኩት በቀበቶ ነው። ዝርዝሩ ይቅር። ያሳደገኝ ሰው ማታ ሲገባ የበሩ መቀርቀሪያ ድምፅ ብቻ ልቤን ያስሮጠው ነበር። ይኸው 34 ዓመት ሞልቶኝ፣ የልጅ እናት ሆኜም፣ በር በኃይል ሲዘጋ ከወንበሬ እነሳ ነበር። «ያለፈውን እርሺው» ያላለኝ ሰው የለም፤ እንዴት እንደሚረሳ ግን የነገረኝ አልነበረም። ስፖርት ሞክሪ ያለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት።

ሞከርኩ። የመጀመሪያው ስፖርት ቤት የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀብሎ መስታወት ፊት ትቶኝ ሄደ፤ የሚያሠራው ልጅ ከስልኩ ቀና ያለው ገንዘቡን ሲቆጥር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ባሰ። አሰልጣኙ ሥራው መጮህ ነው። አንድ ቀን «አንቺ ሰነፍ፣ ተነሺ!» ብሎ ከኋላዬ መጥቶ ጀርባዬን በመዳፉ ሲመታኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግማሽ ሰዓት ተንቀጠቀጥኩ። ስወጣ ይሳሳቁ ነበር። የቀረውን ገንዘቤን አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል በባጃጅ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

እኚህ ሰው ዘንድ የሄድኩት እንግዲህ ተስፋ ቆርጬ ነው። በሁለተኛው ቀን ትከሻዬን ሊያቃኑ ከኋላዬ እጃቸውን ሲያነሱ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ። ያውም ያ ሁሉ ሰው ፊት! እሳቸው አልተገረሙም፣ አልጠየቁኝም። ዞረው ፊት ለፊቴ መጡ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳልጠይቅሽ አልነካሽም» አሉኝ። በፊሽካው ድምፅም እንደምደነግጥ ለካ አስተውለው ኖሯል። ከአንገታቸው አውልቀው፣ ገመዱን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምንሠራው በቆጠራ ነው። ፊሽካው የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ስንሮጥ ደግሞ ልቤ ሲመታ ያ የድሮው ፍርሃት የመጣ እየመሰለኝ እቆም ነበር። አንድ ማለዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አሳርፌ 15 ሰከንድ እንድቆጥር፣ ከዚያ በአራት እንዳባዛ ነገሩኝ። 36 ቆጠርኩ፤ 144 ማለት ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ሲጎትቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የድርሻቸውን ሲጠብቁ እያየን ዝም ብለን ተቀመጥን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቆጠራዬ 24 ሆነ፤ 96 ማለት ነው። «አየሽ? ወጣ፣ ወረደ» አሉኝ። የልቤ ምት በራሱ ጊዜ ሲረጋጋ በጣቴ የዳሰስኩት ያን ቀን ነው። ልጅ ሳለሁ መውረጃውን አላውቀውም፤ እንቅልፍ ይቀድመኝ ነበር።

ስለ ነርቭና ስለ ሆርሞን ብዙ ያብራራሉ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አልገባኝም። የያዝኩት የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክር ነው፤ የእኛ ሦስት ማለዳ በ50 በ50 ደቂቃ ልክ ይሞላዋል። ሁሉን እኔ አድናለሁ ደግሞ አይሉም። «እኔ የስፖርት ሰው ነኝ፤ የውስጥሽን የሚሰማ ባለሙያ አለ» ብለው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የልጅነትን በደል ከጎልማሶች የልብ በሽታ ጋር እንዳያያዘ የነገረችኝ ባለሙያዋ ናት። ደነገጥኩ፤ በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድሜ ሐይቁ ዳር ተገኘሁ።

እባካችሁ ሂዱ። በተለይ እንደ እኔ ጮክ ያለ ድምፅ የሚያስበረግጋችሁ፣ ሂዱ። ክፍያቸው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚችለው ነው፤ ለጎደለበትም ይታገሳሉ። ተራ ሸራ ጫማና የሚጠጣ ውኃ ይበቃል፤ ማለዳ የሐይቁ ነፋስ ስለሚበርድ ሹራብ ያዙ። ስትመጡ ከኋላው ረድፍ ጠርዝ ላይ ያለችውን ዛፍ ብቻ ተዉልኝ። ጀርባዬን ለእሷ ሰጥቼ ነው የምሠራው፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ወደ ፊት ነይ ብለውኝ አያውቁም።