«ዋጋ አልጨመርንም» የሚለው ባልትና ቤት

አዲስ አበባ ሰንብቼ ወደምኖርበት ፍራንክፈርት መመለሴ ነው። አገር ቤት ለመሄድ ለምታስቡ፣ በተለይ ስትመለሱ ሻንጣችሁን በርበሬና ሽሮ ለምትሞሉ፣ የገጠመኝን ልጻፍላችሁ። ስለ ሌላው ነገር ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፋለሁ። ስለ አንዱ ግን ሆዴ ብሷል፣ እዚያ ላይ ታገሱኝ።

ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ ጥበቃው ሻንጣችሁን ተሸክሞ ፎቅ ድረስ ያደርስላችኋል። እህትሽ እያለች ለምን እዚያ አረፍሽ ለምትሉኝ፣ ቤቷ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ልጆቿ ሦስት ናቸው። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ዋጋቸው ደህና ነው። ሾፌሮቹ ግን ደውለው «ወዴት ነሽ?» ይላሉ፣ መንገዱ ካልጣማቸው ይሰርዛሉ። ክፍያ በቴሌብር ስለሆነ እንደ ድሮው የብር እስር ይዤ አልዞርኩም። ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ጀርመን እኮ ዛሬም ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አንቀበልም የሚል ካፌ ሞልቷል።

ምግብ ቤቶቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ክትፎው ያው የናፈቅኩት ክትፎ ነው። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ብቻ አንብቡ፤ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመርበታል። 800 ብር ነው ያላችሁት ክትፎ ሂሳብ ሲመጣ ሺህ ብር ነው።

ኑሮ መወደዱን ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100 ዘለለ፣ አሁን 150ንም አልፏል። ዩሮ ይዞ ለሚገባ ሰው ይሄ ያዘናጋል። የጀበና ቡና 30 ብር ሲሏችሁ በልባችሁ ወደ ዩሮ ትመልሱትና «ርካሽ ነው» ትላላችሁ። እህቴ ደመወዟ በብር ነው፣ ያውም የመንግሥት። ጤፍ በኩንታል አስጭና ታስገባ የነበረች ሴት አሁን በ10 ኪሎ ነው የምትገዛው። በዓል ሲመጣ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተካፍላ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዋጋው በቆመበት ዕቃው እየሟሸሸ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለው ዳቦ ቤት ዳቦው አሁንም 10 ብር ነው፣ አልጨመረም። በእጄ ይዤ አየሁት፣ መዳፌ ውስጥ ይገባል። እህቴ «ድሮ አንዱን ለሁለት ነበር የምከፍልላቸው፣ አሁን ትንሿ ልጅ ራሷ በአንድ አትጠግብም» አለችኝ። የሱቅ እንጀራም እንደዚሁ ነው። ሳህኑ ላይ ስትዘረጉት ዳርና ዳሩ ባዶ ይቀራል፣ ሲያነሱት ደግሞ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ስለ ብስኩቱማ አትጠይቁኝ፣ ከውስጡ የሚበዛው አየር ነው።

ሱቆቹ ግን አንድ ነገር አላቸው፣ አይደብቁም። የ20 ብር ዘይት በላስቲክ ቋጥረው፣ ድልህ በማንኪያ፣ ስኳር በሲኒ ይሸጣሉ። ትንሽ መሆኑን ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያያል። በኪሎ ሂሳብ ሲሰላ ውድ ነው፣ ድሃ ሰው ሁልጊዜ አስወድዶ ነው የሚገዛው። ቢሆንም የተታለለ ሰው የለም።

አሁን ወደ ባልትና ቤቱ።

ስሙን አልጠራም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። ንጹሕ ነው፣ ያምራል። ሴቶቹ ነጭ ሽርጥና የፀጉር መሸፈኛ አድርገዋል፣ የበርበሬው ሽታ ከመንገድ ይጠራል። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ከአምና ጀምሮ ዋጋ አልጨመርንም!» የሚል ተለጥፏል። ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው አሽገው እንደሚሰጡም ተጽፏል። በርበሬው ኪሎ 950 ብር፣ ምጥን ሽሮው ኪሎ 400 ብር። 6 ኪሎ በርበሬና 5 ኪሎ ሽሮ አዘዝኩ። ልጅቷ በእስክሪብቶ ደብተር ላይ «6 ኪሎ፣ 5 ኪሎ» ብላ ጻፈች፣ ደመረች፣ 7,700 ብር። ቅጠሉን ከደብተሩ ቀድዳ ሰጠችኝ። ደረሰኝ ስላት «ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል፣ ደግሞ ማሽኑ ዛሬ አይሠራም» አለችኝ። ሙሉውን አስቀድሜ ከፈልኩ፤ ካልተከፈለ ትእዛዝ አይቀበሉም።

ሐሙስ ይደርሳል ተባለ። ሐሙስ ስደውል መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል። ዓርብ ስደውል ተፈጭቷል፣ የሚያሽገው ልጅ ግን አልመጣም። ቅዳሜ ስልክ አይነሳም። መብረሪያዬ እሁድ ማታ ነው። እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ባለሞተር ልጅ ካርቶን ይዞ ማረፊያው በር ላይ ቆመ። የማድረሻ 200 ብር ክፈይ አለኝ። ከፈልኩ፣ ምን አደርጋለሁ?

ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የእኛ ሰው ይሄን ቁጥር ከልደት ቀኑ በላይ ያውቀዋል። እኔ ሁሉን ነገር አስቀድሜ አስልቼ፣ ለባልትናው 11 ኪሎ ትቼ ነበር። ሻንጣውን በእጅ ሚዛኔ አንጠልጥዬ ሳየው ቀሏል። በዕድሜዬ ሻንጣ ቀለለ ብዬ ተናድጄ አላውቅም፣ ያን ቀን ተናደድኩ። መልሼ መዘንኩ፣ ያው ነው። አንዱን የበርበሬ እሽግ ይዤ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ ሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጠው ከነላስቲኩ 860 ግራም። ሽሮውን አመጣሁ፣ እሱም ያው።

እሽጉን አገላበጥኩት። ፊት ለፊቱ ላይ ሞሰብ የተሣለበት የሚያብረቀርቅ ወረቀት አለ። ከታች ጥግ ላይ የዋጋ ተለጣፊ አለ። በጥፍሬ ጫርኩት፣ አንድ ጫፉ ተነሳ፣ ሳብኩት። ከስሩ «የተጣራ ክብደት 850 ግራም» ይላል። ሌላውንም ላጥኩ፣ ሁሉም ላይ ተለጣፊው ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። ማሸጊያው አልዋሸም። የዋሸው ደብተሩ ነው፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ደረሰኝ። ከአስራ አንዱ እሽግ በያንዳንዱ 150 ግራም ሲጎድል 1 ኪሎ ከ650 ግራም ነው። በብር 1,155። ከ7,700 ብር 15 በመቶ ማለት ነው፣ ልክ የቫቱን ያህል። ቫቱን በብር ባልከፍል በግራም ከፍያለሁ።

ለባልትና ቤቱ ባለቤት ደወልኩ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው የእናት ነው።

«የኔ እናት፣ በርበሬ እኮ ሲሰነብት ይደርቃል፣ ይቀላል» አሉኝ።

«ዓርብ ነው የተፈጨው ብላችሁኛል እኮ!»

ዝም አሉ። ቀጥለው «እኛ ጋ ኪሎ የሚባለው እሽጉ ነው» አሉኝ።

«እሽጉ ላይ 850 ነው የሚለው።»

«ታዲያ ተጽፎልሻል አይደል እንዴ?»

«ዋጋ ለጥፋችሁበት!»

«የለጠፈችው ልጅ አላስተዋለችም ይሆናል። ደግሞ ለአንቺ ይሄ ብር ነው? ሰባት ዩሮ አይሞላ!»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ሰባት ዩሮ እንደማይሞላ እኔም አውቃለሁ። ግን ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው መደርደሪያ እህቴም ትገዛለች። የእሷ 150 ግራም በዩሮ አይቆጠርም። ዲያስፖራ ነሽ፣ አይጎዳሽም የሚባል ነገር መቼ ነው የሚቀርልን? ስንመጣ የታክሲው፣ የቤት ኪራዩ፣ የለቅሶው መዋጮ ሳይቀር ለእኛ የተለየ ዋጋ አለው። እሱን ለምጄዋለሁ። ኪሎ ግን የተለየ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሴትየዋ በመጨረሻ ያሉት ነገር እውነትነት አለው፣ እሱን አልደብቅም። «ዛላው ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ? ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የቤት ኪራዩ? ዋጋ ብጨምር ደንበኛዬ ወደ ሌላ ይሄዳል።» ትክክል ነው፣ ሁሉም ተወዷል። ነገር ግን ሂሳቡን ሥሩት። 850 ግራም በ950 ብር ከተሸጠ ኪሎው ከ1,100 ብር በላይ ነው። ከሳቸው ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ ያለው ባልትና ቤት ሙሉ ኪሎ በ1,050 ብር ይሸጣል፣ ሰው ግን «ይሄኛው አስወደደ» እያለ ያልፈዋል። በእውነቱ የረከሰው እሱ ነው። ደንበኛ ያጣው በትክክል የመዘነው ነው። እኔን ከ1,155 ብሩ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ውጭ አገር ይሄ የለም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ባሰ። 2025 ላይ ጀርመን ውስጥ ሚልካ ቸኮሌት ከ100 ግራም ወደ 90 ወረደ፣ ዋጋው ደግሞ ከ1.49 ወደ 1.99 ዩሮ ወጣ፤ ማሸጊያው ላይ ለውጡ በዓይን አይለይም። ልዩነቱ የሚጮህ አካል መኖሩ ነው። ሃምቡርግ ያለው የሸማቾች ማዕከል በየዓመቱ ሕዝብ ድምፅ እያሰጠ «የዓመቱ አታላይ ማሸጊያ» የሚለውን ያስመርጣል። መደርደሪያ ላይ ከዋጋው ስር የኪሎው ዋጋ በግድ ይጻፋል፣ ቢያሳንሱትም ቁጥሩ ያጋልጣቸዋል። ፈረንሳይ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች ዋጋው ሳይቀንስ መጠኑ ያነሰ ዕቃ አጠገብ ለሁለት ወር ማስታወቂያ እንዲለጥፉ ታዘዋል። አዲስ አበባ ያሉ ሱፐርማርኬቶች የኪሎውን ዋጋ ከስር ቢጽፉ ምን ያህል ያስከፍላቸዋል? አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት።

ገንዘቤን አላገኘሁም። «ሰው ሲመጣ የጎደለውን እንልክልሻለን» ተብያለሁ። የምትሄዱ ካላችሁ ልላካችሁ እንዴ?

አሁን ደግሞ የሚመሰገነውን ላመስግን። እህቴ እንዲህ ታደርጋለች። ከጎረቤቶቿ ጋር ሆነው እሁድ ገበያ ሄደው ዛላ በርበሬ ይገዛሉ። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ አስጥተው ሲያወሩ ይቀነጥሱታል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ደልዘው፣ እንደገና አድርቀው፣ ወፍጮ ቤት ይወስዱታል። እዚያ አብሬያት ሄጄ ነበር። በርበሬው ወፍጮ ለብቻው ከጀርባ ነው፣ በሩ ላይ ስትደርሱ ማስነጠስ ትጀምራላችሁ። ፈጪው ጋሼ ጆንያውን እናንተው ፊት ይመዝናሉ። ክብደቱን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ከጎኑ የባለቤቱን ስም። ተፈጭቶ ሲወጣ መልሰው ይመዝናሉ፣ ሁለተኛውንም ቁጥር ከስሩ ይጽፋሉ። የእህቴ 5 ኪሎ ገብቶ 4 ኪሎ ከ800 ወጣ። ምንም ሳንጠይቃቸው «የሚበን አለ፣ ሆዱ ውስጥ የሚቀርም አለ፣ ቆይ» ብለው ወፍጮውን አቁመው በመጥረጊያ ጠራርገው አንድ ጭብጥ ያህል ጨመሩልን። ከዚያ እንደገና መዝነው ቁጥሩን አስተካከሉ።

እህቴ ከዚያች በርበሬ 2 ኪሎ ሰጥታኛለች። እምቢ ብልም በግድ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው፣ ቦታ እንደሆነ ሞልቷል። የባልትና ቤቱን በርበሬ ቀመስኩት፣ ክፉ አይደለም፣ ጨው በዝቶበታል። ጨው ደግሞ ከበርበሬ እንደሚረክስ ታውቃላችሁ።

ጊዜ ካላችሁ ዘመድ ጋ አስፈጩ። ጊዜ ከሌላችሁ ከሱቅ ስትገዙ «ኪሎ ስንት ነው?» አትበሉ፣ «እዚህ እሽግ ውስጥ ስንት ግራም አለ?» በሉ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጡልኝ በሉ። ተለጣፊ ካለ ላጡት። ማድረሻ ቀኑን ከበረራችሁ ቢያንስ አራት ቀን አስቀድሙ፣ ቀብድ እንጂ ሙሉ ክፍያ አትስጡ። ወፍጮ ቤት የምትሄዱ ደግሞ በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት መብራቱ አይታመንም። ዛላው በደንብ ካልደረቀ ጋሼ አይቀበሏችሁም፣ ወፍጮው ላይ ይለጠፋል ብለው ይመልሷችኋል።