የስበት መስክ ወይስ የኤሌክትሪክ መስክ፦ ለፈተና የቱን እናስቀድም?

የሁለቱ መስኮች (ኃይላቸው የሚሠራባቸው አካባቢዎች) ቀመር መንትያ ነው። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሁለቱም ጥንካሬ ወደ ሩብ ይወርዳል።

የስበት መስክ፦ ምንጩ መጠነ ቁስ ነው። መሳብ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ብትሆንም ጥንካሬው ያው 9.8 ኒውተን በኪሎግራም ገደማ ነው።

የኤሌክትሪክ መስክ፦ ምንጩ ቻርጅ (አዎንታዊ ወይም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል) ነው። ይስባልም፣ ይገፋልም። ነጥብ የሚጣለው እዚህ ነው፤ ብዙ ተማሪ አቅጣጫውን ሳይስል ወደ ስሌት ይሮጣል። ኃይሉ ግን ይገርማል! በጎንደር በጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲል፣ የፕላስቲክ ሚዶ ፀጉራችሁ ላይ አሹና ወደ ቁርጥራጭ ወረቀት አስጠጉት። መላዋ ምድር ወደ ታች እየሳበቻትም ወረቀቷ ብድግ ትላለች።

ገና ለሚጀምር ስበት ይቀላል፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አያምታታም። ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው ብዛት) ለለመደ ግን ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ ሰዓት መስጠት ያዋጣል ባይ ነኝ።