ሴቴ እንዶድ ያገኘሁባት ችግኝ ቤት

ከአራት ዓመት በፊት ከሌላ ሻጭ የገዛሁት እንዶድ አጥሬን አልፎ የጎረቤቴ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ፍሬ ግን አንድም አልሰጠኝም። ወንዴ ነበር። እንዶድ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ተክል ነው፤ በችግኝነቱ አይለይም። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝና ለተማሪዎቼ ላሳያቸው የፈለግኩት ፍሬውን ነበር። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምራቸውን የጀመሩት በዚያ ፍሬ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር፣ ሳፖኒን፣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል።

ከሸሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ችግኝ ቤት አለች። ባለቤቷን ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል። የሚያፈራ እንዶድ እንደምፈልግ ስነግራቸው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ፍሬዋን ያንዠረገገች እናት ተክል አሳዩኝ። «ከእሷ የተቆረጠ ነው የኔ ልጅ፤ እንደ እሷው ሴት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከዘር የበቀለ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፣ ቁራጭ ግን የእናቱን ጾታ ይዞ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። 150 ብር ከፍዬ ወሰድኩ፤ በሁለተኛው ዓመት አፈራ። የቀድሞውን ወንዴ አለመንቀሌ በጀኝ፤ ሴቴዋ ያለ እሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አትይዝም።

ኮሶም አላቸው። እሱም ወንዴና ሴቴ ያለው ዛፍ ነው፤ ለመድኃኒት ሲፈለግ የኖረው የሴቴው ቀይ አበባ ነው። እኔ እያለሁ አንዲት ነፍሰ ጡር የደረቀ ኮሶ ጠየቀቻቸው። «ለአንቺ አልሸጥም፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ብለው መለሷት። ኮሶ ያስወርዳል፣ መጠኑ ሲያልፍም ዓይን ያጠፋል፤ ገንዘቡን ትተው ስለመለሷት በጣም አከበርኳቸው።

ቅር ያሰኘኝ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊትና ካንሰር እንደሚድኑ ይናገራል። የጻፈው ልጃቸው ነው። እንዲያወርደው ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ በሽተኛ አምኖት የሐኪም መድኃኒቱን ቢያቆምስ? ሰሌዳው ባለፈው ቅዳሜም እዚያው ነበር።

ዳማከሴና ጤና አዳም ሁልጊዜ አይጠፋም። የእንጦጦው ጦስኝ ግን ከረፋዱ በፊት ያልቃልና ማልዳችሁ ሂዱ።