መብራት ሲሄድ የሚቆለፉ ፋይሎች፦ የዴቢያን ፋይል ሰርቨራችን ከጥቅምት እስከ ሐምሌ

ደሴ ፒያሳ ባለው የሒሳብ ሥራ ቢሯችን ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ጭነን የጋራ ፋይል ሰርቨር (ሁላችንም ፋይል የምናስቀምጥበት ኮምፒውተር) አድርገነዋል። የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮችም ሊኑክስ ናቸው። የሐምሌን የግብር ግርግር ያለችግር አሳልፎናል። በደሴ ብርድ ሙቀት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ኮምቦልቻ ያለው ወዳጄ ግን የማራገቢያው ጩኸት መከራውን ያሳየዋል።

የሚያስመርረን አንድ ነገር ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ «ፋይሉ ተቆልፏል» የሚል መልእክት።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም። ሊብሬኦፊስ (ሰነድና ሒሳብ የምንሠራበት ፕሮግራም) ሰነድ ሲከፍት እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይል ይፈጥራል። የከፈተው ሰው ስም፣ የኮምፒውተሩ ስምና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ሰነዱ በወጉ ሲዘጋ ይጠፋል፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ግን እዚያው ይቀራል። ፎልደሩን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ይታያል። ሰነዱን ማንም እንዳልያዘው አረጋግጡና አጥፉት፤ በቃ። በየኮምፒውተሩ ሊብሬኦፊስ ላይ የሠራተኛውን ስም መሙላት አትርሱ። ባዶ ከሆነ «ያልታወቀ ተጠቃሚ» ነው የሚላችሁ፤ ታዲያ ማንን ዝጋ ትላላችሁ?

ሌላው የኤንኤፍኤስ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ የሰርቨሩን ፋይሎች በኔትወርክ የሚያገኙበት ሥርዓት፣ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ቀድሞ ቁልፍ (ሌላ ሰው ፋይሉ ላይ እንዳይጽፍ መያዣ) የያዙ ኮምፒውተሮች መልሰው እንዲይዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ካልቀየራችሁት እስከ 90 ሰከንድ። እስከዚያ አዲስ ቁልፍ አይሰጥም፣ ሰነዱም አልከፈት ይላል። ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ ይህ ረጅም ነው፤ ግን ታገሡ። ተናዳችሁ ሰርቨሩን ብታጠፉት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

የኤንኤፍኤስ ስሪት 3 የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ 4 እለፉ። በ3 ቁልፉን የሚይዙት ለብቻቸው የሚሠሩ አገልግሎቶች ናቸው፤ ፋየርዎል (የኔትወርክ ግንኙነት የሚያጣራው) ከዘጋባቸው ቁልፍ የለም። በ4 ሁሉም በአንድ ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር)፣ በ2049 ያልፋል። «ኖሎክ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩና ተገላገሉ የሚላችሁን ግን አትስሙ። ቁልፉ በዚያው ኮምፒውተር ብቻ ይቀራል፤ ሁለት ሰው በአንድ ደብተር ላይ ይጽፍና የአንዱ ሥራ ይጠፋል። የሰው ሒሳብ ይዞ እንዲህ አይቀለድም።

ለሰርቨሩና ኮምፒውተሮቹን ለሚያገናኘው ስዊች ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ከገዛን ወዲህ 90 ሰከንድ መጠበቅ ቀርቷል። ሰርቨሩን ከአምስት አራት ነጥብ እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ቁልፉን ማን እንደያዘ ለማየት ሰርቨሩ ላይ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) መክፈት ስለሚያስፈልግ ነው። እኔ ቢሮ ከሌለሁ ያንን የሚያይ ሰው የለም።