የምጽዋ ወደብ የድሮ ፖስት ካርድ፦ ሥዕሉ ድንቅ፣ መግለጫው ስሕተት

የድሮ ፎቶግራፎችንና ወረቀቶችን በበይነ መረብ ከሚሸጥ ነጋዴ የምጽዋን ወደብ የሚያሳይ ፖስት ካርድ አዝዤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እጄ ገብቷል። በካርዱ እጅግ ተደስቻለሁ፤ ከካርዱ ጋር የቀረበው የታሪክ መግለጫ ግን ገዢን የሚያሳስት በመሆኑ ሁለቱን ለያይቼ መጻፍ ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርዱ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፎቶግራፉ የተነሣው ከባሕሩ በኩል ነው። ከፊት ሸራቸውን የጠቀለሉ፣ ሳምቡክ የሚባሉ ሁለት የእንጨት ጀልባዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩት ቤቶች ከነቅስቶቻቸው ተደርድረዋል፤ ከአንደኛው ፎቅ ላይ እንደ ወንፊት የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይታያል። ከቅስቱ ጥላ ሥር ያለው ነገር በዐይን ብቻ ሲያዩት ጥቁር ነጥብ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን የተቀመጠ ሰው ነው፤ ጥምጣሙና ጉልበቱ ላይ ያሳረፈው እጁ ሳይቀር ይለያል። በዚሁ መነጽር የጋዜጣ ሥዕል ላይ የሚገኘውን የተደረደረ ነጠብጣብ ብፈልግ አላገኘሁም፤ ያለው ደቃቅና ያልተስተካከለ ቅንጣት ነው፤ ይህም ኮሎታይፕ የሚባለው የኅትመት ዘዴ መለያ ነው። ካርዱ በኋላ ዘመን የተባዛ ቅጂ አለመሆኑን ያረጋገጠልኝም ይህ ነው።

ሻጩ ካርዱ «የ1880ዎቹ» ነው ብሎ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ካርዱን ስገለብጠው ነው፤ ከቀድሞ ባለቤቶቹ አንዱ በጥግ ላይ በእርሳስ «1885» ብሎ ጽፎበታል። ያ ጣሊያን ምጽዋን የያዘበት ዓመት ነው እንጂ ካርዱ የታተመበት ሊሆን አይችልም። በሥዕሉ ግርጌ የታተመው የጣሊያንኛ ጽሑፍ «ኮሎኒያ ኤሪትሬያ» ይላል፤ ቅኝ ግዛቱ በዚህ ስም የተጠራው ደግሞ በ1890 ነው። ከዚህም በላይ የካርዱ ጀርባ በመካከሉ መስመር ተሰምሮበት ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ ተከፍሏል። ቀድሞ የፖስት ካርድ ጀርባ ለአድራሻ ብቻ የተተወ ስለ ነበር ሰላምታ የሚጽፍ ሰው ሥዕሉ ዳር ላይ ያጣብበው ነበር፤ የተከፈለውን ጀርባ ብሪታንያ በ1902፣ አሜሪካ በ1907 ፈቀዱ፤ ሌሎችም አገሮች በእነዚሁ ዓመታት አካባቢ ተከተሉ። እንግዲህ ካርዱ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወዲህ የታተመ ነው፤ በ1921 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ ስላፈራረሳት ደግሞ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት የተነሣ ነው የሚለው ግምት ለእኔ አሳማኝ ነው። የእነዚያን ቤቶች ረድፍ ሳይፈርስ ማየት መቻሌ ብቻውን ለከፈልሁት ዋጋ ይበቃኛል።

በጣም ቅር ያሰኘኝ ግን ምጽዋ «ጣሊያኖች የመሠረቷት አነስተኛ ወደብ» ተብላ መገለጿ ነው። ኦቶማን ቱርኮች በ1557 የያዟት ወደቧ ለቀይ ባሕር ንግድ ያላትን ጥቅም አይተው ነው። ግብጽ በ1865 ተረከበቻት፤ ደሴቶቹን ከየብስ ጋር ያገናኙት በባሕሩ ላይ የተደለደሉት መንገዶችም በግብጽ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1884 ዓድዋ ላይ ከብሪታንያና ከግብጽ ጋር የተፈራረሙት ውል የጦር መሣሪያን ጨምሮ ዕቃ በምጽዋ በኩል በነጻ እንዲተላለፍ ይፈቅድ ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1885፣ ጣሊያን ብሪታንያ እያወቀች ወደቡን ያዘች፤ በጥር 1887 ወደ ሰሐጢ ይገሠግሥ የነበረውን 500 ያህል የጣሊያን ጦር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት በዚሁ መዘዝ ነው። ይህን ሁሉ ዘልሎ ከተማዋን ለመጨረሻው ወራሪ መስጠት የአንድ መስመር ስሕተት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አስተሻሸጉን በተመለከተ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል መምጣቱ ጥሩ ነው። ካርዱን በቀጥታ የሸፈነው ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ግን ከጊዜ ብዛት ኅትመቱን ሊጎዳ ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ፖሊስተር ማኅደር አዛውሬዋለሁ። አንዱ ጥግ መታጠፉም በመግለጫው አልተጠቀሰም። ከዚህ ነጋዴ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከመክፈሉ በፊት የካርዱን ጀርባ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይጠይቅ፤ በሽያጩ ገጽ ላይ የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው።

ለሻጩ የታዘብሁትን ሁሉ ጽፌለት በትሕትና መልሶልኛል። ዓመቱን በሁለት ቀን ውስጥ አስተካክሏል፤ «ጣሊያኖች የመሠረቷት» የሚለው ሐረግ ግን ይህን እስከጻፍሁበት ሰዓት ድረስ ከቦታው አልተነሣም።