ከፍርድ ቤቱ ማዶ ላሉት አባት ምስጋናዬ ይድረስ

ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ የሥራ ስንብት ገንዘቤ እጄ በገባበት ዕለት ነበር። ነገር ግን ለወራት ያንገላታኝ ጉዳይ አልቆ ቤቴ አረፍ ስል እስክሪብቶ የማንሣት አቅም እንኳ አልነበረኝም። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እዚህ ባሕር ዳር ከወረዳ ፍርድ ቤቱ ማዶ ካሉት ትንንሽ የቆርቆሮ ቤቶች በአንዷ ተቀምጠው ክስና አቤቱታ ለሚጽፉ አንድ አባት ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸውን እንዳልጠራ አጥብቀው ስላስጠነቀቁኝ እኔም እንደ ሁሉም ሰው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

በጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል በንብረት ክፍል ሠራተኛነት አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ ሹካና ማንኪያው ሁሉ በእኔ ፊርማ ይገባ፣ በእኔ ፊርማ ይወጣ ነበር። በጥምቀት ሰሞን አልጋ ሞልቶ እንግዳ የምንመልስበት፣ ወደ ዘጌ የሚሻገሩት ጀልባዎች ከማለዳ ጀምሮ ሰው ጭነው የሚመላለሱበት ጊዜ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ፤ ከዚያም በ2015 መጨረሻ በክልላችን የደረሰው የሰላም መደፍረስ ተጨመረበትና እንግዳው እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ቀረ። በዚህ መካከል፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ሆቴሉ ተሸጦ ባለቤቱ ተቀይሮ ነበር። ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን በሥራ መቀዛቀዝ ምክንያት የሠራተኛ ቅነሳ መደረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠን። ቅነሳውን አልተቃወምሁም። ሳይነጠፍ ተጣጥፎ የሚከርመውን አንሶላ በየሳምንቱ የምቆጥረው እኔ ስለነበርሁ ችግሩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ያስመረረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚሰጥ ድጎማ የለም፤ ከደመወዝ ወደ ባዶ እጅ የሚያሸጋግረን ይኸው አንድ ጊዜ የሚከፈለው የሥራ ስንብት ክፍያ ብቻ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለተሰናባች ሠራተኛ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊፈጸም እንደሚገባ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። እኔ በሰባት ቀን ፈንታ ከአምስት ወር በላይ ተመላለስሁ። በመጀመሪያ «ክሊራንስ አልጨረስሽም» ተባልሁ። ዐሥራ አራት አንሶላ ጎድሏል ተብሎ፣ እነዚያ አንሶላዎች ተቀድደው መወልወያ እንዲሆኑ የተወሰነበትን ወረቀት እኔው ራሴ ከፋይሉ አውጥቼ እስካሳይ ድረስ አንድ ወር ሄደ። ቀጥሎ ሒሳብ ሹሙ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው ተባለ። ቀጥሎ ባለቤቱ አዲስ አበባ ናቸው፣ ፊርማቸው ያስፈልጋል ተባለ። ዘበኛው እንኳ ስመጣ ሲያየኝ ከእኔ በላይ እርሱ ያፍር ጀመር። በመጨረሻ የቀረበልኝ 8,000 ብርና «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል፣ እንድፈርምበት የተዘጋጀ ወረቀት ነበር። የቀሩት ስምንት ዓመታት የት ገቡ ብዬ ብጠይቅ፣ አዲሱ ባለቤት የገዙት ሕንፃውን እንጂ የድሮውን ዕዳ አይደለም የሚል መልስ ተሰጠኝ።

እውነቱን ለመናገር ልፈርም ተቃርቤ ነበር። የቤት ኪራይ የሁለት ወር ውዝፍ አለብኝ፤ ሌሊት እየተነሣሁ እንጀራ ጋግሬ ለአንድ ምግብ ቤት አስረክባለሁ፤ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ። በዚህ መሐል ደግሞ ሁለት ሰዎች ረድተው ሊያተርፉኝ መጡ። አንደኛው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ሲሆን፣ ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ዝምድና እንዳለው ነግሮኝ ለሻይ እያለ በሦስት ጊዜ 1,500 ብር ከወሰደ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ነበረ፤ 800 ብር ተቀብሎኝ ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ሰጠኝ። ጽሑፉን ሳነበው አለቀስሁ፤ እንባዬ፣ ልጆቼ፣ የአምላክ ፍርድ ሁሉም አሉበት። ለማን እንደምሰጠው፣ ምን ያህል ብር እንደምጠይቅበት፣ ሥራ የጀመርሁበትና የተሰናበትሁበት ቀን ግን አልነበረበትም። ይህን ጽሑፍ ይዤ በአንድ መሥሪያ ቤት ከመስኮት ወደ መስኮት ስዞር ከርሜ፣ አንዷ ጸሐፊ አይታ «ይኼ ደብዳቤ እኮ ምንም አይጠይቅም» ስትለኝ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

ወደ ጋሼ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት። ቀኑ ዓርብ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ከገብርኤል ንግሥ መልስ ነጠላችንን እንዳጣፋን ዝናብ እየተከተለን ገባን። ቤቷ ሁለት ወንበር፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትጽፍ አንዲት ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የላትም። እኔ ያችን ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ አውጥቼ ታሪኬን ከመጀመሪያው ልተርክ ስል፣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የተሰናበትሽው መቼ ነው?»

ቀኑን ስነግራቸው መልስ አልሰጡም። ተነሥተው በሩ ላይ ወደ ተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄዱና ወራቱን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ከዚያ ዞር ብለው «ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶሻል» አሉኝ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ፣ ወደ ሥራ ልመለስ ባይ ብሆን ኖሮማ በሦስት ወሩ አልፎብኝ እንደነበር ያን ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ካነጋገርኋቸው ሰዎች ሁሉ፣ ገንዘቤን ከበሉት ሁለቱም ጭምር፣ ስለ ቀን ያነሣ አንድም አልነበረም። ሆቴሉ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲለኝ የከረመው ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ ግን እነዚያን ዐሥራ አንድ ቀናት ባሰብሁ ቁጥር እስካሁን ሆዴን ይቆርጠኛል።

ቀጥለው የቅጥር ደብዳቤዬን ጠየቁኝ። የለኝም፤ ፋይሌም ከቀድሞው ባለቤት ጋር ጠፍቷል ተብሏል። «እንግዲያው ከድሮ ጀምሮ ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ነይ፤ የሚረባ የማይረባ ብለሽ አትምረጭ» አሉኝ። በዚህ ላይ አባቴን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አባቴ የዘጌ ሰው ነበር፤ ፊደል ባይቆጥርም የግብር ደረሰኞቹን ሁሉ በሙዳይ ያኖር ነበርና እኔም ከእርሱ ወስጄ ወረቀት አልጥልም። በነጋታው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ፌስታል ሙሉ ይዤ ሄድሁ። ከመታወቂያው፣ ከሕክምና ፈቃዱ፣ ከድሮ የስልክ ካርዱ መካከል ጋሼ መዝዘው ያወጡት እኔ ከቁም ነገር ያልቆጠርሁትን የባንክ ደብተሬን ነበር። ሽፋኑ በሊጥ እጅ የተነካካ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ በማስመሪያ እየተከተሉ በእርሳስ ምልክት ያደርጉ ጀመር። የመጀመሪያው መስመር የካቲት 2005፣ 1,150 ብር፤ የመጀመሪያ ደመወዜ ነው። ከዚያ በየወሩ፣ አንድም ሳይዘልል፣ ሆቴሉ እስከ ተሸጠበት ወር ድረስ ቀጥሎ፣ ባለቤት ሲቀየርም አልተቋረጠም። «ደብዳቤሽ ይኸው» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄጄ የሒሳብ መግለጫውን በማኅተም አስደግፌ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ እርሳቸው እስከዚያው አቤቱታውን አዘጋጅተው ጠበቁኝ።

የድርጅት ባለቤትነት ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉ የሠራተኛውን የሥራ ውል እንደማይቀይረው በሕጉ ተደንግጓል፤ ስለዚህ ዓመቶቼ ሁሉ ይቆጠራሉ። ስሌቱን በአንድ የተጣለ ወረቀት ጀርባ ጽፈው አሳዩኝ፤ ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ 4,800 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ 1,600 ብር፤ ለዐሥር ዓመት 16,000 ብር። በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ 9,600 ብር ይጨመራል። ድምር 30,400 ብር። ያልተጠቀምሁበት የዓመት ፈቃድ ከዚህ ሌላ ነው። የአንቀጾቹን ነገር ለእርሳቸው ትቼዋለሁ፤ እኔ የማውቀው 8,000 ብር ብዬ ልፈርም የነበርሁት ሴት ያችን ወረቀት ይዤ ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቁጭ ብዬ መቅረቴን ነው።

የጻፉልኝ አቤቱታ አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ልጅቱ ጽፋ ስትጨርስ ጋሼ ጮክ ብለው፣ ቀስ ብለው አነበቡልኝ፤ በየአንቀጹ እየቆሙም «ይህ ያልሽው ነው? ያላልሽውን ጨምሬያለሁ?» ይሉኝ ነበር። እኔ «በግፍና በጭካኔ» የሚል እንዲገባበት ብለምናቸው ሳቁ። «ቁጣሽን እቤት አስቀምጪው ልጄ፤ ዳኛ የሚያየው ቀኑንና ብሩን ነው» አሉኝ። ብዙ ሰው አቤቱታ አጽፏል፤ መልሶ የተነበበለት ስንቱ እንደ ሆነ አላውቅም። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ የራሴን ጉዳይ በትክክል የገባኝ፣ እንደ ሰው የተቆጠርሁትም በዚያች ሰዓት ነው። ዋጋው 300 ብር ነው፤ በእጄ ስላልነበረ «ሲከፈልሽ ትከፍይኛለሽ» ብለው መዝገባቸው ላይ አሰፈሩት።

ከዚያ የሆነውን ላሳጥረው። አቤቱታው ሐምሌ 22 ቀን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ገባ፤ ጋሼ በመከሩኝ መሠረት ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳላስመታ አልወጣሁም፤ ጥያቄው እዚያ በጽሑፍ በመቅረቡ የይርጋው ቆጠራ ተቋረጠ። ለማስማማት ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተያዘ፤ በሁለቱም ከሆቴሉ ወገን የመጣ አልነበረም። ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀብዬ ክሱ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነፃ መሆኑንም ያወቅሁት ያኔ ነው። መጥሪያው በደረሳቸው በሳምንቱ፣ አምስት ወር ሙሉ የዓመት ፈቃድ ላይ የነበረው ሒሳብ ሹም ራሱ ደወለልኝ። ታኅሣሥ 2017 ላይ 30,400 ብሩ ከዓመት ፈቃዱ ጋር ተከፍሎኝ መዝገቡ በስምምነት ተዘጋ። ስለ መዘግየቱም ተጨማሪ መጠየቅ ይቻል እንደነበር ጋሼ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ደክሞኝ ተውሁት። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ተቆጥተውኛል፤ መብታቸው ነው።

ገንዘቡን በተቀበልሁ ማግስት 300 ብሩንና አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ይዤ ሄድሁ። 1,000 ብር ልጨምር ብል በፍጹም አሉ። ቡናውን ተቀብለው ወዲያው ለልጅቱ ሰጧትና አፍልታ ለወረፈኛው ሁሉ ተጠጣ።

በሆቴል፣ በጀልባ፣ በአስጎብኚነት፣ በምግብ ቤት ስትሠሩ ቆይታችሁ ሥራችሁን ያጣችሁ የባሕር ዳርና የጣና ዳር ወገኖቼ፣ እባካችሁ ነገ አትበሉ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚል ሰው የሻይ ብር ከመስጠታችሁ በፊት፣ «ምንም ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ጋሼን አግኟቸው። የማያዋጣ ጉዳይ ሲሆንም አያዋጣም ብለው በነፃ ይመልሳሉ፤ ከእኔ ፊት የነበረውን አንድ ወጣት እንዲህ ሲያሰናብቱት በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ቀትር አሉ። የስንብት ደብዳቤያችሁን ዋናውንና ቅጂውን፣ የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ደብተር ካላችሁ እርሱንም፣ የማይረባ የመሰላችሁን ወረቀት ሁሉ ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። አቅጣጫውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። የቆርቆሮ ቤቶቹ ስለሚመሳሰሉ ግር ካላችሁ፣ በሯ ላይ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለባት እርሷ ናት።