ታጣፊ ምላጭ ከስምንት ወር በኋላ፦ ከምላጩ ይልቅ ጠፍሩ

የምንገመግመው ምላጭ፣ ስለቱ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ የጺም መላጫ፣ ጀርመን ውስጥ ዞሊንገን ከተማ የተሠራ ነው። ብረቱ የካርቦን፣ ወርዱ 5/8 ኢንች ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እጀታው ፕላስቲክ፣ ጫፉ ክብ። ስምንት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጺም ተላጭቶበታል። ለጀማሪ ይህ ወርድ ልክ ነው፤ 7/8 የሆነው ከአፍንጫ ሥር ለማስገባት ያስቸግራል። የጫፉንም ነገር አትናቁ፤ ሹል ጫፍ ያለው ሳይታሰብ የጆሮን ሥር ይነካል።

አዲስ ምላጭ ሁሉ ፊት ለመላጨት የደረሰ አይደለም። ይህኛው ሲገዛ «ተስሏል፣ ዝግጁ ነው» የተባለለት ቢሆንም ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ጺሙን እየነጨ ነበር የሚሄደው። የተስተካከለው 8000 ከዚያም 12000 ቁጥር ባለው የመሳያ ድንጋይ ላይ (ቁጥሩ ሲበዛ ድንጋዩ ይልማል)፣ ጀርባውም፣ ማለትም ከስለቱ ተቃራኒ ያለው ወፍራም ጠርዝ፣ ስለቱም ድንጋዩን እኩል እየነኩ ከተሳለ በኋላ ነው። የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ስለሆነ ጀርባውን ብድግ ማድረግ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ጀማሪ ይህን ለሚያውቅ ሰው ከፍሎ ቢያሠራ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ምላጭ ላይ መሳልንም መላጨትንም አንድ ላይ መማር ከሁለት ያጣ ያደርጋል፤ ሲነጭ ጥፋቱ የስለቱ ይሁን የእጅ አይለይም።

ከድንጋዩ በላይ ግን በየቀኑ የሚያስፈልገው ጠፍሩ፣ ማለትም ምላጩ እየተመላለሰበት ስለቱ የሚስተካከልበት ረጅም ቁራጭ ነው። አንድ ፊቱ ጨርቅ፣ ሌላው ቆዳ የሆነ፣ ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንድ ጫፉ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል። ከመላጨት በፊት ጨርቁ ላይ 20፣ ቆዳው ላይ 50 ምልልስ ይበቃል። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ጠፍሩ ጫፍ ሲደርስ ምላጩ የሚገለበጠው በጀርባው ነው፤ በስለቱ ከተገለበጠ ቆዳው ይቆረጣል፣ ስለቱም ይጎዳል። ጠፍሩ ረግቦ ከተያዘ ደግሞ ስለቱ ላይ ይጠቀለልና ያደነዝዘዋል፤ በሚገባ ወጥሩት፣ ምላጩን ግን በራሱ ክብደት ብቻ አስኪዱት። ፍጥነት ለማንም አይጠቅምም። የጀማሪ የመጀመሪያ ጠፍር መቆረጡ ስለማይቀር ርካሹን ግዙ። ምላጩ ሲደነዝዝ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቀድሞ ጉንጭ ላይ ሸርተት ይል የነበረው አገጭ ላይ መንጨት ይጀምራል። ይህ ምላጭ እንደዚያ ያደረገው አምስተኛው ወር ላይ ነው፤ 12000 ድንጋይ ላይ 15 ምልልስ መለሰው።

ፊቱን በሞቀ ውሃ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ማርጠብ ግዴታ ነው፤ ደረቅ ጺም ጠንካራ ነው። አረፋው ደግሞ እንደ ረጋ እርጎ መሆን አለበት። የሚፈስ ከሆነ ውሃ በዝቷል፤ ተነፋፍቶ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ሳሙና አንሷል። ምላጩን ቆዳ ላይ አስተኙና ጀርባውን በራሱ ውፍረት ከአንድ እስከ ሁለት እጥፍ ያህል አንሱ፤ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከቆመ ይፍቃል፣ ይቆርጣል፤ በጣም ከተኛ ይነጫል። በሌላው እጅ ቆዳውን ወጥራችሁ ባጭር ባጭሩ፣ ከሁለት ከሦስት ሴንቲ ሜትር ሳታልፉ አስኪዱ። ወደ ጎን ማንሸራተት በፍጹም የለም፤ ስለት የሚቆርጠው ሲጫን ብቻ አይደለም፣ ሲጎተትም ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጉንጭ ብቻ ላጩ፤ የቀረውን በለመዳችሁት መላጫ ጨርሱ። ከዚያ አንገት፣ በመጨረሻ አገጭና የላይኛው ከንፈር። አገጭ ላይ አጥንቱ ስለሚጠማዘዝ ማዕዘኑ በየሴንቲ ሜትሩ ይለወጣል፤ ስምንት ወርም ሆኖት ጥንቃቄ የሚጠይቀው እዚያው ነው። ድምፁን አዳምጡ። ጥሩ ስለት በትክክለኛ ማዕዘን ሲሄድ ጥርት ያለ፣ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ድምፁ ከጎረነነ እጃችሁ ተጭኗል።

ብዙዎቻችን እንዳለን ጥቅልል ጺም ላለው ሰው የዚህ ምላጭ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሦስትና አምስት ምላጭ የተደረደሩበት መላጫ ፀጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ ሲያድግ ጫፉ ተጠምዝዞ ቆዳውን ይወጋና አንገት ላይ ያ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል። ታጣፊው ምላጭ በጺሙ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ከሄደ ፀጉሩን ከቆዳው እኩል ይተወዋል። አቅጣጫውን ለማወቅ የሁለት ቀን ጺም በጣት ዳስሱ፤ ሲዳሰስ የሚለሰልስበት ነው። አንገት ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ይተኛል። በተቃራኒው ከላጫችሁ፣ በዚያ ላይ ቆዳውን አጥብቃችሁ ከወጠራችሁ፣ እብጠቱ በዚህም ምላጭ ይመለሳል። ስለዚህ አንገት ላይ የሚወጠረው ለማለስለስ ያህል ብቻ ነው።

ፀጉር ቤቶች የሚይዙት፣ ግማሽ ምላጭ እየተቀየረ የሚገባበት ዓይነት ጠፍር አይፈልግም፤ ነገር ግን ስለቱ ስስ ስለሆነ የማዕዘን ስህተትን ያነሰ ይታገሳል። ታጣፊው ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በሚደረግ ማጠብ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስን ማስወገድ አይቻልምና ለወንድምም ለጓደኛም አይዋስም።

የካርቦን ብረት ይዝጋል። በሰባተኛው ወር የዝገት ነጥብ የታየው ስለቱ ላይ አልነበረም፤ ምላጩን ከእጀታው የሚያያይዘው ምስማር ሥር ነው፤ ውሃ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። ያጠባችሁትን ምላጭ በለስላሳ ወረቀት ጀርባውን ይዛችሁ ጥረጉ፣ ወረቀቱንም በእጀታው መካከል አሳልፉ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ገልጣችሁ አየር ያግኘው። ዱባይና ጅዳን በመሰለ እርጥበት ባለበት ቦታ ለምትኖሩ፣ ምስማሩ ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ስለቱም ላይ ስስ ቅባት ጨምሩ፤ ምላጩንም መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት።